ጭሱ የቀረ ዕለት

እኛ ሰፈር ልብስ ከመታጠቡ በፊት ቀና ተብሎ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። ጭሱ ወደ ሳሪስ ካዘነበለ ነጭ ይታጠባል፤ ወደ እኛ ካዘነበለ ነጭ ነገር ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይቆያል። አቃቂ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። እናቴ አንድ ጊዜ ሳታይ የበዓል ነጠላዋን አስጥታ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት መስሎ ጠበቃት። ያን ቀን አባቴ ከሥራ መጥተው ገና በሩን ሲረግጡ፣ "ይህን ጥቀርሻ ለማን ብለው ነው የላኩት? ለሚስትዎ?" ብላ ተቀበለቻቸው።

እውነቷን ነው፤ ጥቀርሻውን የሚልኩት እሳቸው ነበሩ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቦይለር ቤት ኃላፊ ነበሩ። ቦይለር ማለት፣ ላላየው ሰው፣ ክፍል የሚያክል ግጥም ተደርጎ የተዘጋ የብረት ድስት ነው። ጥቁር ናፍታ ይነድበታል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ሄዶ ጨርቁን ለማቅለም፣ ለማድረቅ፣ ለመተኮስ ያገለግላል። ሠራተኛው ሁሉ "ስቲም" ነው የሚለው። ስቲም ከሌለ የተፈተለውም የተሸመነውም እንዲሁ ተከምሮ ይቀራል። የአባቴ አባት ደግሞ ባቡር ላይ እንጨት ይማግዱ ነበር፤ ባቡሩ ገና በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን። ስለዚህ እኛ ቤት እሳት የዘር ነው። ሌላው ሰው ስለ አባቱ መሬት እንደሚያወራው አባቴ ስለ እሳት ያወሩ ነበር።

ቦይለር ቤቱ ወለል ላይ አባቴ በገዛ እጃቸው የቀቡት ቢጫ መስመር አለ። እሳቸው ሳይፈቅዱ ያንን መስመር የሚያልፍ የለም። ሊያልፍ የሞከረ "ቁም!" ይባላል። "እባክዎ ጌታዬ" የሚባል ነገር የለም፤ ቁም ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ እንኳ እንግዳ ይዘው ሲገቡ "ቁም!" ተብለው አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቀርተዋል እየተባለ ይወራ ነበር። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ምሳ ዕቃ ይዤ ስገባ "ቁሚ!" ተብዬ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ሽንቴ አምልጦኛል። እያለቀስኩ ቤት ስገባ እናቴ ተንጨረጨረች። አባቴ ግን ማታ ሲመጡ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ "እዚያ ቤት ልጅም ጌታም የለም። እሳቱን የሚያውቀው ሰው ቁም ካለ ይቆማል፤ በቃ" አሉኝ።

በዚያ ላይ አባቴን "አንተ" የሚል ሰው እኛ ቤት የለም። እናቴ እንኳ ቱግ ብላ ሰማይና ምድሩን ስታዞረው አንቱታውን አትለቅም። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ "ቁም" የሚባልበት ቤት መኖሩ ሲገርመኝ ኖረ።

ቦይለር ላይ የሚፈራው እሳቱ አይደለም፤ የውኃው መጉደል ነው። እሳቱ እየነደደ ውኃው ከጎደለ ብረቱ ይግላል፣ ከዚያ ፈንድቶ ቤቱንም ሰዉንም ይዞ ይሄዳል። ጎኑ ላይ የውኃውን ልክ የሚያሳይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን መስታወት ሲያዩ ኖሩ። ማየቱ ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ገበታ ላይ የውኃው ጆግ ከግማሽ በታች ከወረደ ምግቡ አይወርድላቸውም። "ሙሉት" ይላሉ። እንግዳ ተቀምጦም "ሙሉት!" ነው። እኛ ልጆቹ ሆን ብለን እየጠጣን እናጎድለው ነበር። ምን ዓይነት ባለጌዎች ነበርን!

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ፋብሪካው በመብራት የሚሠራ ቦይለር ሊያስገባ ነው ተባለ። ናፍታው በዶላር ተገዝቶ፣ ከወደብ በቦቴ ተጭኖ ነው አቃቂ የሚደርሰው፤ መብራቱ ግን ከገዛ ወንዛችን ነው አሉ። እኔ ያን ጊዜ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምሬ ጨርሼ እዚያው ፋብሪካ ተቀጥሬ አምፖል እቀይራለሁ። ለአዲሱ ቦይለር ለሥልጠና ሲመርጡ እኔን መረጡኝ። ደስታዬን ይዤ እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

አባቴ ሬዲዮናቸውን ዘጉ። "በምን ነው ውኃውን የምታፈሉት?" አሉኝ።

"በመብራት፣ አባባ።"

"መብራት ያበራል። ስሙም ሥራውም እሱ ነው። ውኃ የሚያፈላው እሳት ነው።"

"ያው ኃይል እኮ ነው አባባ..."

"መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ ይባላል። እሳት ሄደ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

አፌ አያርፍምና "እሳትም ይጠፋል" አልኳቸው።

"እሳት የሚጠፋው ሰው ሲዘናጋ ነው። መብራት ግን ማንም ምንም ሳይለው ብድግ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር አምነሽ ነው ያን ሁሉ ማሽን የምታሠሪው?"

እውነት አላቸው፤ ያን ሳምንት ብቻ ሰፈራችን መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ነበር።

አዲሱ ቦይለር እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ዕለት ግን ከራሴ ጋር አልነበርኩም። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ጠባዩ ቁጡ የሆነ ሰው፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ እየሳለ አስረዳን። ድስቱ ውስጥ ሦስት የብረት ዘንጎች ተንጠልጥለዋል። እርስ በርስ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ ብቻ ነው። መብራቱ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ለመሄድ ውኃውን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ሲያልፍ ውኃው ይፈላል።

"ታዲያ እሳቱ የት ነው?" አልኩት፤ እኔ፣ ኤሌክትሪክ ተማርኩ ባይዋ!

"ውኃው ነዋ!" አለኝ።

የክንዴ ፀጉር ቆመ። ከሥር የሚነድ ነገር የለም። ጭስ የለም፣ አመድ የለም። ውኃው ራሱ እሳት ይሆንና ራሱን ያፈላል። ደግሞ በጣም ንጹሕ ውኃ መብራት ስለማያሳልፍ ጨው መሳይ ነገር ተለክቶ ይጨመርበታል። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ "ጨው? ልክ መሆኑን የሚቀምሰው ማነው ታዲያ፣ አንቺ ነሽ?" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የወንዙ ነገር ነው። ከማቅለሚያ ክፍላችን የሚወጣው ውኃ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል። ሰማያዊ የተቀለመ ቀን ወንዙ ሰማያዊ፣ ቀይ የተቀለመ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ቆቃ ላይ ተገድቦ ተርባይን ያዞራል፤ ከዚያ የተገኘው መብራት በሽቦ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። እኛው ያፈላነው ውኃ ዞሮ ዞሮ ውኃ ሊያፈላልን ይመጣል ማለት ነው! ይህ ድንገት የገባኝ ከሳሪስ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ሳላስበው "በስመ አብ!" ብዬ ጮህኩ። ወያላው ደንግጦ፣ "ወራጅ ነሽ እንዴ እህቴ?" አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ፤ እኔ ያወቅሁትን ቢያውቁ አብረውኝ ይጮኹ ነበር።

አንድ ማታ ገበታ ላይ ለአባቴ ሁሉንም እንደ ጉድ አወራሁላቸው። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ውኃው ቢጎድልስ?"

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። "ውኃ ከሌለ መብራቱ የሚያልፍበት መንገድ የለውማ! ራሱ ይጠፋል" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ራሱ?"

"ራሱ!"

የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው ግቢ ወጡ። እኔ ሞኟ የረታሁ መስሎኛል። እናቴ ትከሻዬን ቆንጥጣ፣ "ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ነገር 'ጠባቂ አያስፈልገውም' አልሻቸው እኮ!" አለችኝ። አፈርኩ። ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። እሳቸው ጭሱን ያዩ ነበር።

የአባቴ ጡረታ ደርሶ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለ ርክክብ የሚሆን ነገር የለም። ሦስት ቅጂ ወረቀት ተዘጋጀ፤ አስረካቢ፣ እሳቸው፤ ተረካቢ፣ እኔ። አባቴ አነበቡትና አጥፈው ሬዲዮው ሥር ከተቱት። "ምኑን ነው የማስረክበው? እሳት የለ። ለማን? ለመብራት?" አሉ። ለመንኳቸው፣ እናቴም ለመነች፤ ወይ ፍንክች። ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሳጫውተው፣ ያ ቁጡ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሳቸው ያላመኑሽን እኔ አላምንሽም። እስከ ዓርብ ካልፈረሙ ሌላ ሰው አስገባለሁ" አለኝ። በአባቴ ተናድጄ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ያን ሳምንት ከእሳቸው ጋር አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ አስጠልቶኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን አምፖል ስቀይር ልኖር ነው? በገዛ አባቴ?

ረቡዕ በመጨረሻ ፈረቃቸው አባቴ አሮጌውን ቦይለር በገዛ እጃቸው አጠፉ። ቤት መጥተው እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ታጠቡ፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር ግን አለቀቀም። የቀረቻቸውን ዕረፍት ወስደው ከበረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ለሙከራ ገባሁ።

አዲሱ ቤት ግድግዳው ነጭ ነው። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ ማንም ሳያዘኝ የቀባሁት እኔ ነኝ። የዚህ ቤት ዋና ሕግ መብራት እንዳይይዝ የሚከላከል ጫማ ነው፤ ወፍራም የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ያላደረገ መስመሩን አያልፍም። ኃላፊው ማብሪያውን ሲጫነው "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሌላ ምንም። እኔም ዓይኔን የመስታወቱ ውኃ ላይ ተከልኩ። ከዚያ የስቲም መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አለች። ወጣች፤ ደግሞ ወጣች። ቧንቧዎቹ ኳ ኳ እያሉ መሞቅ ጀመሩ። ከማቅለሚያ ክፍል "ስቲም ገባ!" የሚል ጩኸት መጣ። አንድ ክብሪት ሳይጫር! እንባዬ መጣ፤ ኃላፊው እንዳያይብኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሱም መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ነበር።

ውጭ ደግሞ ሌላ ጉድ ተፈጥሯል። የአቃቂ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ፋብሪካው ቆሟል ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ማንም አያውቅም። ረፋዱ ላይ በሩ በሰው ተጥለቀለቀ። የሠራተኛ ሚስቶች፣ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች፣ ጡረተኞች፣ "ተዘጋ እንዴ? ሰው በተኑ?" እያሉ ጥበቃውን አስጨነቁት። ጥበቃው "ኧረ ማሽኑ ሲጮህ አትሰሙም?" ይላቸዋል። ይሰማሉ፤ ግን ያለ ጭስ የሚጮኸውን ማሽን ጆሯቸው አላመነም። ጭስ ማውጫው ደረቅ ሆኖ ቆሟል፤ ከላዩ ላይ አሞራ ተቀምጦበታል። በዘመናችን አሞራ እዚያ ላይ ሲያርፍ ያየ አልነበረም።

አባቴም ከበረንዳው ሆነው አዩ። ጭስ እንደማይኖር ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ እሳቱን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። ግን እናቴ እንደነገረችኝ፣ ቀና ብለው ሲያዩ "ልጄ! ስቲሙ ሞቶባታል!" ብለው ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጡ። ጥበቃው በሩን ከፈተላቸው። ማን ይከለክላቸዋል?

እኔ ያን ሰዓት ቧንቧ እየፈተሽኩ ነበር። መብራቱን ወደ ቦይለሩ የሚያስገባው ትልቁ ሳጥን ክዳኑ ተከፍቶ ኃላፊው በመለኪያ ይለካል። ወለሉ ርጥብ ነው። ሳጥኑ በተከፈተበት ቀን ወለል አይታጠብም፤ አውቃለሁ። ያሳጠብኩት እኔው ነኝ፤ ሰው መጥቶ ሲያይ ይንጣ ብዬ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ዘወር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጩን ግድግዳ አዩ። የሚያበራውን ወለል አዩ። የሚንቀጠቀጠውን የስቲም መርፌ አዩ። ዓይናቸው እሳቱን ፈለገ፤ ታች አየ፣ ጎን አየ፣ አጣ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደሚያደርጉት ጫማቸውን አወለቁ። ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡት። በባዶ እግራቸው ርጥቡን ወለል ረግጠው፣ ያልገባቸውን ነገር ሁሉ በመዳፋቸው የማወቅ ልማድ ነበራቸውና፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ወደዚያ ወደተከፈተው፣ ወደሚያዜመው ሳጥን መጡ። ቢጫውን መስመር ሊያልፉ አንድ እርምጃ ቀራቸው።

"ቁም!"

የማን ድምፅ እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። ኃላፊው መለኪያውን ጣለው። አባቴ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቀጥ አሉ። ዞር ብለው አላዩም፣ "ምን አልሽ?" አላሉም፤ ልክ እንደ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ቆሙ።

"ወደ ኋላ! ጫማህን!" አልኩ።

ወደ ኋላ ተመለሱ። ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲሉ ወፍራሙን የላስቲክ ጫማ ወስጄ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። አጠለቁት። ኃላፊው ሳጥኑን ዘጋ። ያን ጊዜ ነው ምን ብዬ እንደጮህኩ ጆሮዬ የሰማው። "ይቅርታ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" እያልኩ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

"በዚያ ናፍታ በጠገበ ጫማ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቦታ እንዴት ይገባል ብዬ ነው" አሉ፣ ጥፋተኛው እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ። ከዚያ፣ "አሁን ልለፍ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔን ጠየቁኝ!

"ይለፉ" አልኩ።

የውኃው መስታወት ፊት ወስጄ አቆምኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ውኃው በልኩ ነው። መዳፋቸውን በጨርቅ በተጠቀለለው የስቲም ቧንቧ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ያው ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ያው ስቲም ነው።" ከዚያ ደግሞ፣ "ወንዙ ነው ይህን የሚያደርገው አልሽ? የኛው ወንዝ?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ እንደገና መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ መለሱ። እኔ በሕይወቴ አባቴ እንደዚያ ቀን ሲደነቁ አይቼ አላውቅም፤ የዚያ ድንቅ ጠባቂ እኔ መሆኔ ደግሞ አንገቴን አስረዘመው።

አመሻሽ ላይ ቤት ገባሁ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ነጠላዎቿን ሁሉ አጥባ አስጥታ፣ አንዷም ላይ ቅንጣት ጥቀርሻ ስላጣች ግራ ገብቷት እያገላበጠች ታያለች። አባቴ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገበታው ቀረበ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"ልጅሽ ዛሬ 'ቁም' አለችኝ" አሉ አባቴ።

እናቴ እጇ ላይ ያለው ሳህን ሊወድቅ ነበር። "አንቱን? በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት።"

"ወይኔ! አንቺ ምን ነካሽ? እርስዎስ ምን አደረጉ?"

"ምን አደርጋለሁ? ቆምኩ" አሉ። ከዚያ ከሬዲዮው ሥር ወረቀቱን ሳቡና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "እስክሪብቶ አምጪ።"